«ቶል»፦ ከሕያው አፍ የተገኘ ግስ

መስከረም 14

ይድረስ ለለምንዬ፣ ጥያቄዋ ለማያልቅባት፤

እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ደረጃው እንዴት ያደርግሻል? እኔ ከጉልበቴና ከመነጽሬ በቀር ደህና ነኝ። ሁለቱም ከእኔ ቀድመው ጡረታ መውጣት ነበረባቸው።

ፖስታውን ስትከፍቺ «ጋሼ ደግሞ ምን ላኪ ሊሉኝ ነው» ብለሽ እንዳልተሳቀቅሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ጫማ አልፈልግም፤ መድኃኒትም አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ግስ ነው።

እንደምታውቂው ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ በተረፈኝ ሰዓት የራሴን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስሠራ ነው ያረጀሁት። ካርዶቹን ያበጀኋቸው ከሠርግ መጥሪያ ላይ ተቆርጦ ከሚጣለው ጠርዝ ነው። ዛሬም አንዱን ገልብጠሽ ብታዪው «ጥሪያችንን አክብረው» የሚል ቁራጭ አታጪበትም። ሃያ ስድስቱ የጫማ ካርቶኖች ከአልጋዬ ግርጌ ተደርድረዋል። አሁን ቲ ላይ ነኝ፤ ከእሱ በኋላ የሚቀሩኝ ስድስት ናቸው። የድሮው አለቃዬ «ሳትሞት ጨርሰህ ካመጣኸው አትምልሃለሁ» ብሎኛል። ከሞትኩ አያትመውም ማለት ነው መሰለኝ፤ ስለዚህ እየተጣደፍኩ ነው።

ደንቤን ታውቂያለሽ። ትርጉሙ፣ ምሳሌው፣ ምሳሌውን የተናገረው ሰውና ቀኑ ካርዱ ላይ ካልሰፈሩ ቃሉ ካርቶን ውስጥ አይገባም። ምሳሌ ከመጽሐፍ አልቀዳም፤ ከሕያው አፍ መውጣት አለበት። ለዚህ ስል ስንቱን የውጭ ሰው ሆቴል በር ላይ አስቁሜያለሁ! የሆቴሉ ዘበኛ ለማኝ መስዬው ሁለት ጊዜ አባሮኛል።

ግሱ «ቶል» ነው። ት-ውን ምላስሽን በጥርሶችሽ መሃል አውጥተሽ በይው፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው የሚላት ዓይነት ት። በስምነቱ የጀልባ መቅዘፊያ የሚደገፍባት ችካል ነው፤ እሱን አግኝቼዋለሁ። ግሱን ግን አንድ አሮጌ መጽሐፍ «ጥንታዊ፤ መታገሥ» ብሎ ጥግ ላይ ጥሎታል። መታገሥ ብቻ ከሆነ ሌላ ቃል ለምን አስፈለገ? ያንቺ ዓይነት ጥያቄ ነው። እዚያ ፈረንጅ አገር የምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ሽማግሌና አሮጊት ሞልቶበታል ብለሽኛል፤ አሮጌ ቃል የሚገኘው ደግሞ እነሱ ጋ ነው። ጠይቂልኝ።

ስልክ እንዳትደውዪ። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ተጣልቷል። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ ግድግዳ የምንጋራት ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሰላም ብላሻለች።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

የአባትሽ የአክስት ልጅ፣ ጋሼ

*

ጥቅምት 28

ይድረስ ፊደል ላስቆጠሩኝ ለጋሼ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎን በሙቅ ውሃ ይያዙልኝ፤ መነጽሩን ደግሞ ይቀይሩት። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም ደህና ነው ማለት ይቻላል።

እኔ የምሠራበት ሦስተኛው ፎቅ የሚረሱ ሰዎች ፎቅ ነው። በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ለጠያቂ ተብሎ እዚያው ከበሩ በላይ ተለጥፏል፤ ነዋሪዎቹ ግን አንብበውት እጃቸው ቁልፉ ጋ እስኪደርስ ይጠፋቸዋል። እንግዲህ ጋሼ ግስ ፈልጊ ያሉኝ እዚህ ነው!

ጡረተኛውን ዳኛ ጠየቅኳቸው፤ አቤቱታ መስሏቸው «በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። ሥጋ ሻጩ ሰደቡኝ። ቃሉን ያገኘሁት ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ካሉት አሮጊት ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሁሉ ባቡር ጣቢያ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ፀጉራቸው ተቋጥሮ እያበጠርኩላቸው ነበር። «ያምዎታል እንዴ?» ብላቸው «ቶል አደርገዋለሁ» አሉኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

«መታገሥ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ባቡር ሲዘገይ መንገደኛ ይታገሣል፤ ባቡሩ ይመጣላ! ይሄኛው ባቡሩ እንደማይመጣ እያወቅሽ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።»

አያታቸው በገጠር ለጥርስ ሕመምም፣ ለዝናብም፣ ለክፉ ጎረቤትም ይሉት ነበር አሉ። ከዚያ ለካርድዎ የሚሆን ምሳሌ ሰጡኝ፦ «የፀጉሬን መጎተት ቶል አደርገዋለሁ፤ ባሌን ግን ቶል ማድረግ አቅቶኝ ነበር።» እንዲህ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ማን እንደሆንኩና ማበጠሪያ ይዤ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

ተናጋሪ ብለው ቲኬት ሻጯን ይጻፉ። ቀኑ ጥቅምት 26።

እጅ የምትነሳዎት፣ ለምን

*

ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለለምንዬ፣ እጇ ለተባረከ፤

ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ ሳለ ነው ያነበብኩት። «ባሌን ግን» የሚለው ጋ ስደርስ እሷም ሳቀች፤ የራሷን ባል አስታውሷት ይሆናል።

«ታገሠ» የሚለውን ሰረዝኩት። ቲኬት ሻጯ ትክክል ናቸው፤ ታጋሽ የሚጠብቀው ነገር አለው። «ቻለ» ብዬ ጻፍኩና እሱም አልዋጥልህ አለኝ፤ ቻለ ሲባል ጉልበት ያለው ሰው ይመስላል። «ዋጠ» ልለው ነበር፤ ግን የተዋጠ ነገር ወርዶ ያልቃል። እንግዲህ የትርጉሙ ቦታ ባዶ ነው።

አመጣጡን ግን አግኝቻለሁ። የቋንቋው ቤተኛ ነው፤ ሥሩም ማንሳትና መሸከም ከሚል የመጣ ነው። ከላቲን ከመጣው «ቶለሬት» ጋር በሩቅ ይዛመዳል፤ እንደ እኔና እንደ አንቺ ማለት ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚለው «ኢንዱር» ከባሕር ማዶ ከመጡ ጌቶች ጋር የገባ እንግዳ ነው። እንግዳው ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ ቤተኛው ወደ ገጠር ወጣና ከአሮጊቶች ጋር ቀረ። አሳዘነኝ።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ሁለት ጊዜ በር ዘግቼ ውጪ ስለቀረሁ አንዱን ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ጋ አስቀምጫለሁ። መነጽሬን ደግሞ ሦስት ቀን ፈልጌ ጂ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። መነጽር በእንግሊዝኛ በጂ ይጀምር የለ? ቢጠፋም በተራው ነው የጠፋው።

መንገድሽ ይቅና።

ጋሼ

*

ጥር 19

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የመነጽሩን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው ሳቅን። ከዚያ አንዷ ዕድሜዎን ጠየቀችኝ።

ምግብ በሰዓቱ ይበላሉ? ምድጃውን የሚያጠፋው ማን ነው? እንዲያው ነው የምጠይቀው፤ ለምን ነኝ አይደል?

ትርጉሙን «ተሸከመ» ቢሉትስ? ሥሩ መሸከም ነው ብለውኛል። በቶሎ ይጻፉልኝ።

ለምን

*

ጳጉሜን 11

ይድረስ ለለምንዬ፣ ጥያቄዋ ለማያልቅባት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴና ከመነጽሬ በቀር ደህና ነኝ። ፖስታውን ስትከፍቺ «ጋሼ ደግሞ ምን ላኪ ሊሉኝ ነው» ብለሽ እንዳልተሳቀቅሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ጫማ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ግስ ነው።

ግሱ «ቶል» ነው። አንድ አሮጌ መጽሐፍ «ጥንታዊ፤ መታገሥ» ብሎ ጥሎታል። መታገሥ ብቻ ከሆነ ሌላ ቃል ለምን አስፈለገ? ያሉሽን አሮጊቶች ጠይቂልኝ። እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳታሳፍሪኝ።

አባትሽን ሰላም በይልኝ። ያ ሰነፍ አንድ መስመር እንኳ አይጽፍልኝም።

ጋሼ

*

መጋቢት 9

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ እጅዎን እስማለሁ። «ጳጉሜን 11» ይላል። ጳጉሜን ከስድስት አልፋ አታውቅም፤ ለእርስዎ ግን ትጨምር ይሆናል፤ ወዳጅዎ ናት።

ግሱን ጠየቅኩልዎ። ዘጠኝ ቁጥር ያሉት ቲኬት ሻጭ ያውቁታል። ባቡሩ እንደማይመጣ እያወቁ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ነው አሉኝ። እሳቸውም ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ሁሉ እንደ አዲስ ነው የነገሩኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ።

አባቴም ሰላም ብሎዎታል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብለምንዎትስ? ልብስ ሰፊዋ ሐኪም ጋ ትውሰድዎ። ለዓይንዎ ነው፤ መነጽሩ እንዲታይ። ሌላም የሚጠይቁዎት ነገር ካለ ይመልሱላቸው።

ለምን

*

ሚያዝያ 17

ይድረስ ለለምንዬ፤

አባትሽ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። መርዶውን የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። «አባቴም ሰላም ብሎዎታል» የሚለውን መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ከዋሸሽኝ፣ ለእነዚያ ለፎቁ ሰዎች የምትዋሺውን ነው የዋሸሽኝ።

የቲን ካርቶን ከፈትኩ። የቶል ካርድ አራት ነው። አራቱም በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው የተጻፉት። በአራቱም ላይ «ዛሬ ያገኘሁት ድንቅ ግስ» ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ድግግሞሽ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው!

ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ። ሰዓት ሣል አለኝ፤ ሣልኩ። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሮቹ ሁሉ ባንድ ጎን የታጨቁበትን ሥዕል አይታ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

ፈራሁ ለምንዬ። ሞትን አይደለም የምፈራው፤ እሱን አንድ ጊዜ ይጨርሱታል። እኔ የምፈራው ካርቶኖቹን ከፍቼ የማን እንደሆኑ የማላውቅበትን ቀን ነው። ስድስት ካርቶን ብቻ ነበር የቀረኝ።

አንቺ ሥራሽ ነው፤ ታውቂዋለሽ። በቅደም ተከተል ጻፊልኝ። መጀመሪያ የሚሄደው ምንድን ነው? ስሞቹ ናቸው ግሶቹ? አትማሪኝ፤ አንዴ ዋሽተሽኛል፣ ይበቃል።

ነይ አልልሽም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትሽ ገና አለመውጣቱን አልረሳሁም። እስካሁን አልረሳሁም።

ጋሼ

*

ግንቦት 23

ይድረስ ለጋሼ፤

አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ።

መጀመሪያ የሚሄዱት ስሞች ናቸው። የቅርቡ ከሩቁ ቀድሞ ይሄዳል። ግሶች ይቆያሉ፤ ቲኬት ሻጯ ማበጠሪያን «ያ የምታበጥሪበት» ይሉታል። ከዚያ የሰው ፊት ይሄዳል። ቁጣና ሳቅ መጨረሻ ድረስ አብረው ይቆያሉ። ዋሽቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልዋሽዎትም።

ስለ ወረቀቴ የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ፋይሌን ገልጣ አየችና «አሁን ከወጣሽ ይዘጋል፤ ተመልሰሽ አትገቢም» አለችኝ። መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። እዚህ የማላውቃቸውን ሰዎች እግር አጥባለሁ፤ ሸሚዛቸውን እቆልፋለሁ፤ ሰባት ጊዜ ሲጠይቁኝ ሰባት ጊዜ እመልሳለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ግን ሸሚዛቸውን የሚቆልፍላቸው ማን እንደሆነ አላውቅም። አልቅሼም አልወጣልኝ።

አንድ የምመክርዎት ነገር አለ፤ እኛ እዚህ የምናደርገው ነው። ካርድ አለዎት፣ እጅ ጽሑፍዎ ቆንጆ ነው። ሰዎችዎን በካርድ ይጻፉ። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳሉዎት፣ አድራሻቸው የት እንደሆነ። ምድጃው ላይም «አጥፋ» የሚል ይለጥፉ። ሰው በሰው ያስቀምጧቸው።

ለምን

*

ሐምሌ፣ ቀኑን ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች

ለምንዬ የኔ ብልህ፤

ምክርሽን ፈጸምኩ! በኤ በቢ መደርደር ሞኝነት ነበር፤ እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ሃያ ስድስቱንም ካርቶን ወለል ላይ ገለበጥኩና ቃሎቹን በሰጡኝ ሰዎች ደረደርኳቸው። ማተሚያ ማሽኑን ሊጠግን የመጣው መካኒክ ሁለት ካርቶን ሆነ፤ ግማሹ ስድብ ነው። ያ የሆቴል ዘበኛ ካርቶን አለው። አባትሽ ሠላሳ ሁለት ቃል አለው፤ ሰነፍ ያልኩት በከንቱ ነው። አንቺም የራስሽ ካርቶን አለሽ። አሁን እጄን ስሰድ የማገኘው ሰው ነው። አለቃዬን ጠርቼዋለሁ፤ መጥቶ ያየዋል። መቼም ይደነግጣል!

ደስ ብሎኛል፤ ደስ ይበልሽ።

ጋሼ

እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ ከግርጌ የምጽፈው እሳቸው ሳያዩ ነው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ላስቆማቸው ብል እንደ ሕፃን አለቀሱ። ደብዳቤው ሳይላክ አለቃቸው መጥተው ብዙ ቆመው አዩና «ይህን የሚያትም የለም» ብለውኝ ሄዱ። ለእሳቸው ግን «በጣም ያምራል» አሏቸው። ልመልሰው ብል እንግሊዝኛ አላውቅም። ምድጃውን እኔ ነኝ የማጠፋው። ምን ላድርግ? እስቲ ንገሪኝ።

*

ነሐሴ 20

ጋሼ፤ አደራደሩ ያምራል። ይህ ውሸት አይደለም። እንደዚህ ያድርጉ ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመትዎን ያፈረስኩት እኔው በምክሬ ነኝ። ይህንንም አልዋሽዎትም።

ልብስ ሰፊዋ እህቴ፤ አትመልሺው። የሚደረግ ነገር የለም። ሸሚዛቸውን ስትቆልፊላቸው ከታች ጀምሪ፤ ከላይ ከጀመርሽ ይዛነፋል።

*

ቀን የለውም

ይድረስ ለማላውቅዎት እመቤት፤

በቅድሚያ አክብሮቴን አቀርባለሁ። ባልተዋወቅንበት ስለደፈርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አድራሻዎን ያገኘሁት ከአንድ ካርቶን ክዳን ላይ ነው። ካርቶኑ «ለምንዬ» ይላል። ከውስጡ አንድ ግስ የተጻፈባቸው አራት ካርዶች አሉ፤ ትርጉም የሚሰፍርበት ቦታ ላይ ሦስት ቃላት ተጽፈው ተሰርዘዋል። ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ይመስላል፤ አላወቅኩትም።

ግሱን የሰጡት እርስዎ እንደሆኑ ተጽፏል። እንዳይቸገሩ እንጂ ትርጉሙን ቢጽፉልኝ? ምሳሌም ካለዎት ከሕያው አፍ የወጣ ይሁን። ደግሞም እርስዎ ማን ነዎት?

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝ አንዲት ደግ ሴት ናት። አክባሪዎ።

*

ጥቅምት 2

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እባክዎ አንቺ ይበሉኝ። እርስዎ ብለውኝ አያውቁም፤ አሁን ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። የአክስትዎ ልጅ ልጅ ነኝ። አባቴ ሠላሳ ሁለት ቃል ሰጥቶዎት ሞቷል። አምስት ዓመቴ ሳለ ማተሚያ ቤት ይዘውኝ ሄደው፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ይህ ለ ነው፤ ግን የተገለበጠ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይቀናል» አሉኝ። «ለምን?» አልኩዎት። ስሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን ሆነ። ቢረሱት ግድ የለም፤ እኔ ይዤዋለሁ።

ቲኬት ሻጯ በጳጉሜን አረፉ፤ በሦስተኛው ቀን። ግሱን የሚያውቅ ሕያው አፍ እዚህ ፎቅ ላይ የቀረው የእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ በአምስተኛ ካርድ ላይ በሰፊው ይጻፉት፦

ቶል። ግስ። ምላስን በጥርሶች መሃል አውጥቶ የሚባል። ቤተኛ ነው፤ ሥሩ መሸከም ነው።

ትርጉም፦ ማውረጃ የሌለውን ሸክም ይዞ መቆየት።

ምሳሌ፦ «ጋሼ ማን ነዎት ብለው ጻፉልኝ፤ መሄድ አልቻልኩም፤ ቶል አደረግኩት።»

ተናጋሪ፦ ለምን። ቀን፦ ጥቅምት 2።

ሲጨርሱ ካርዱን እኔ ካርቶን ውስጥ ያስገቡት። ነገ ደግመው ከጠየቁኝ ደግሜ እጽፍልዎታለሁ።